የጋሽ ስንሻው ሦስት ንጋቶች

መተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምንሰደበው እኛ ነን። በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የመብራት ኃይል ማከፋፈያ፣ በሰብስቴሽኑ፣ የምንሠራ ሰዎች ማለቴ ነው። ባጃጅ ስንሳፈር ሾፌሩ የደንብ ልብሳችንን ያይና «ትናንት ምን በድለናችሁ ነው?» ይለናል። ጓደኞቼ ለምደውታል። እኔ አልለመድኩትም፤ ቶሎ ደሜ ይፈላል። ሁለት ጊዜ ከባጃጅ ወርጄ በዚያ ሙቀት በእግሬ ሄጃለሁ።

ስሜ ምስራቅ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከጎንደር ከመጣሁም ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። የጣቢያውን መከላከያ መሣሪያዎች የምፈትሸው እኔ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማረኝ ኮሌጅ ነው፤ ያስወደዱኝ ግን ጋሽ ስንሻው ናቸው።

ጋሽ ስንሻው የጭልጋ ሰው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸው ነበር። በደንቡ የንጋቱ ተራ በየተራ የሚዞር ነው። እሳቸው ግን «ሽማግሌ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለውም፤ እናንተ ተኙ» ብለው የሁላችንንም ንጋት ወሰዱት። እኛም አፍረን እንኳ አልተግደረደርንም፤ ተኛን።

ከድንበሩ ማዶ ባለው የሱዳን ጣቢያ ኡመይር የሚባል የእሳቸው እኩያ ኦፕሬተር አለ። ሁለቱን ጣቢያዎች የሚያገናኝ ትልቅ መስመር ስላለ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ይደዋወላሉ። ሰዓት አይተው አይደለም፤ ኡመይር የሱብሒ ሶላቱን ሲጨርስ ስልኩን ያነሳል፣ በቃ። በደንቡ የሚለዋወጡት ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን በአንድ ደቂቃ ይጨርሱና ሩብ ሰዓት ስለ ኡመይር ጉልበት ሕመምና ስለ ጋሽ ስንሻው ልጆች ያወራሉ፤ ግማሹን በዐረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አንድ ጊዜ በቶሎ ደርሼ ሰምቻቸዋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ሳይተያዩ እንዲህ መዋደዳቸው አስቀንቶኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር 4፣ ኅዳር 6 እና ኅዳር 9 ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄደው መስመር ተቋረጠ። ሦስቱም ጊዜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነበር። ጋሽ ስንሻው ማድረግ ያለባቸውን አድርገው ሦስቱንም ጊዜ በአርባ ደቂቃ ውስጥ መለሱት። መስመሩን ተከትለው የሄዱ ሠራተኞች የወደቀ ዛፍም ሆነ የተበጠሰ ሽቦ አላገኙም።

ወቅቱ የሰሊጥ ነበር። ገንዳ ውሃ ላይ የሰሊጥ ማበጠሪያዎች ገና ሳይነጋ ነው የሚነሱት፤ መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ያብዳል። እንዲህ ሲሆን ሰው ጄኔሬተር የሚከራየው ከሐጂ ሷሊህ ነው። ሐጂ ሷሊህ መተማ ዮሐንስ ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ የጋሽ ስንሻው የሃያ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ወሬ ራሳችሁ ትገምታላችሁ። ሽማግሌው ለወዳጁ ገበያ ሊፈጥርለት ሆን ብሎ መስመር ይቆርጣል ተባለ። አንድ ሰው ደግሞ ስሙን ሳይጽፍ ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ላከ።

ኅዳር 18 ሰኞ ኢንጂነር ሰርክአዲስ ለምርመራ መጣ። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ተጣልቼው እገላገል ነበር። እሱ ግን ትሑት ወጣት ነው፤ ለጋሽ ስንሻው ወንበር አንስቶ ያቀርባል፣ መነጽሩን ጠርጎ በእርጋታ ይጠይቃል። የመጣበትንም ነገር አልደበቀም። ከመስመሩ የመጣ እውነተኛ አደጋ ከሆነ ተጠግኖ ያልቃል። ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ ግን ጋሽ ስንሻው ከሥራ ይባረራሉ፣ ጡረታቸውም ይቀራል፣ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ሽቦ መንካት ከሌለበት ነገር ጋር ሲነካካ ከረንቱ በድንገት ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ደግሞ ይወርዳል። ይህን የሚጠብቅ ሪሌ የሚባል መሣሪያ አለ፤ አደጋ ሲያይ መስመሩን ራሱ ይቆርጠዋል። መቅጃ የሚባለው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ሪሌው ያየውን ሁሉ እንደ ልብ ምት በወረቀት ላይ ያወጣዋል። ችግሩ፣ ሪሌን ማታለል ይቻላል። እኔ ራሴ በየስድስት ወሩ አታልለዋለሁ፤ ሻንጣ የምታክል መፈተሻ ሳጥን አለችኝ፣ ሪሌው ካለበት ፓኔል ውስጥ በሽቦ አገናኝቼ የውሸት ከረንት ስሰጠው የእውነት መስሎት ይቆርጣል። መቅጃውም ያንኑ ውሸት አምኖ ይቀዳል። ስለዚህ የኅዳር 4፣ 6 እና 9 ወረቀቶቻችን ምንም ያህል ቢያምሩ ብቻቸውን ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ሰርክአዲስ ፓኔሉን ሲያይ የበሩ የእርሳስ ማኅተም ተቆርጧል። እኔ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ፈትሼ ስጨርስ በእጄ አትሜው ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

«ይህን ማን ከፈተው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ስንሻው።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ኦፕሬተር ፓኔል አይከፍትም።

«ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከፈቱት?»

«ለማየት ነዋ» አሉና አፋቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ሰርክአዲስ ምን ቢጠይቃቸው አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኔ በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ከወለሉ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

በዚህ መሃል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የውሸት ከረንት ከግድግዳችን አያልፍም፤ የሚያታልለው እኛን ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ የደረሰ እውነተኛ አደጋ ከሆነ ግን የቮልቴጁ መውረድ ከእኛ ጋር በተያያዙ ጣቢያዎች ሁሉ ይሰማል፤ ሩቅ ያለው ጥቂት፣ ቅርብ ያለው ብዙ። ከእኛ በላይ ያለው ጣቢያ መቅጃ ተበላሽቶ ለጥገና ወጥቷል። ማዶ ያለው የሱዳን መቅጃ ግን ይሠራል። ቀን ከሌት ይቀዳል፤ አሥራ ስምንት ቀን ካለፈው ደግሞ አሮጌውን እየሰረዘ ይሄዳል። የኅዳር 4ቱን ለማግኘት አራት ቀን ብቻ ነበረን።

«እነሱን እንጠይቅ» አልኩት። «ማዶ ያለው ቮልቴጅ በዚያ ደቂቃ ወርዶ ከሆነ ጋሼ ነፃ ናቸው።»

ሰርክአዲስ በሐሳቡ ተደሰተ። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት። በሰዓት ጉዳይ ከዚህ በፊት ተሳስተን እናውቃለን፤ መዝገባችን የሚጻፈው በእኛ ሰዓት ነው፣ እነሱ የሚሠሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሦስት ሰው ሆነን አሰብነው። እኔ ቀነስኩ፣ ሰርክአዲስ ደግሞ አረጋገጠ፣ ጸሐፊያችን ሸዋዓለም በጣቷ ቆጠረች። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፈረንጅ ስድስት ነው። የሦስቱን ቀናት ከስድስት እስከ ስድስት ተኩል ያለውን ላኩልን ብለን ላክን። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት እያፏጨሁ ነበር።

መልሱ በማግስቱ ደረሰ። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ግማሽ ሰዓት። ቮልቴጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ገመድ ይመስላል። አንዲት መውረድ የለችበትም።

ሰርክአዲስ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «አዝናለሁ፣ ምስራቅ» አለኝ። የእውነት አዝኖ ነበር። ሪፖርቱን ዓርብ እንደሚልከው ነገረኝ።

እዚህ ላይ ራሴን ላሳምር አልፈልግም። አመንኩ። ትምህርቴ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ይዋሻል፣ የሁለት ቦታ መለኪያ ሲስማማ ግን አይዋሽም። እነዚህ ደግሞ አልተስማሙም። ማኅተሙ ተቆርጧል፣ ቆራጩ ራሳቸው አምነዋል፣ ለምን እንደቆረጡት አይናገሩም። ጋሽ ስንሻው፣ እኔን ልጄ የሚሉኝ ሰው፣ የኔን ሳጥን አውጥተው ከተማ አጨልመዋል ብዬ አመንኩ። ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ከንጋት ተራቸው ሲወጡ በር ላይ ተገናኘን፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኬን እንደሚያይ ሰው አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው።

ሐሙስ ዕለት ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ ፈቃድ ጠይቄ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄድኩ። ሐጂ ሷሊህን ፊት ለፊት ልጠይቃቸው ነበር። ሱቃቸው ከጉምሩኩ አካባቢ ነው፤ ስደርስ ሱቁን የምትጠብቀው ልጃቸው ሩፊዳ «ማዶ ጋላባት ተሻግረዋል፤ አሁን ይመጣሉ» አለችኝ። አሁን የተባሉት ሰውዬ ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠበቁኝ። የጭነት መኪናው አቧራ ንዴቴ ላይ ተጨመረበት። ሲመጡ ጀለቢያቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ገና ሳይቀመጡ ነው የጀመርኳቸው።

«ሐጂ፣ ከጋሽ ስንሻው ጋር ምን ተስማምታችሁ ነው መብራት የምታጠፉት?»

ሐጂ ሷሊህ አልተቆጡም። ጥላቸውን ዘቅዝቀው ግድግዳ ላይ አስደገፉና አዩኝ።

«ምስራቅ፣ ስንሻው ይህን እንደማያደርግ አንቺ ካላወቅሽ እኔ ምን ብዬ ላስረዳሽ?» አሉ። «ደግሞስ ጠብቀሽ ብትናደጂ አልፈርድብሽም። ወላሂ እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸውን ካበላሹት ወዲህ የኔም ቀን ተበላሽቷል።»

«የምን ሰዓት?»

«የማዶዎቹን ነዋ። ድሮ በእኛ ሁለት ሰዓት ስሻገር በነሱ ስምንት ነው፤ ቢሯቸው ተከፍቶ እደርሳለሁ። አሁን ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ ገና ሰባት ነው ይሉኛል። ስምንት እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ያቆሙኛል። መንግሥታቸው ነው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰው።»

አጠገቤ ባለው የዘይት ጄሪካን ላይ ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ፣ ሐጂ?»

«ከጥቅምት ሃያ ሁለት። እዚህ ድንበር ላይ የማያውቅ ሰው አለ?»

እኛ አናውቅም። እኛ ከድንበሩ ሩብ ሰዓት ርቀት ላይ ያለን፣ ስድስቱን ሰዓት ሦስት ሰው ሆነን የቆጠርን የተማርን ሰዎች አናውቅም። ኡመይርና ጋሽ ስንሻው የሚደዋወሉት በሶላት ስለሆነ እነሱም ሰዓት አንሥተው አያውቁም። ከማዶ ስድስት ሰዓት ብለን የጠየቅነው በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እነሱ የጠየቅናቸውን ልከዋል፤ መስመሩ ተመልሶ፣ ሁሉ ሰላም ሆኖ፣ ማበጠሪያዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ያለውን። ደብዳቤውን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለሐጂ ሷሊህ ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ግማሹን የተረዱት አይመስለኝም፤ ስንሻው ሊታሰር መሆኑን ግን ተረዱ። የሱዳን ቁጥር ያለበትን ስልካቸውን አወጡና በስንሻው በኩል ለሚያውቁት ለኡመይር ደወሉ። ኡመይር ከተራው ወጥቶ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ሐጂ በዐረብኛ ረጅም ነገር አወሩት፤ እኔ ከመሃል የያዝኩት «ስንሻው» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ።

«ያ ቢንቲ» አለኝ ኡመይር፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ በተሰባበረ አማርኛ ቀጠለ። «ሰዓት ንገሪኝ። አሁን እሄዳለሁ።»

«ከአምስት እስከ አምስት ተኩል። ሦስቱንም ቀን። የመጀመሪያው ነገ ይሰረዛል።»

«ታማም፣ እሺ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቶቹ ደርሰው ነበር። ሰርክአዲስ ሪፖርቱን ፈርሞ ፖስታ ውስጥ ከቷል። እኔ ምንም ሳልናገር የእኛንና የማዶውን የኅዳር 4 ወረቀት ደራርቤ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩለት፤ ብርሃኑ በሁለቱም አለፈ። የእኛ ቮልቴጅ ወርዶ ጉድጓድ ሠርቷል፤ የእነሱም ወርዷል፣ ርቀው ስላሉ ጉድጓዱ ትንሽ ነው። ሁለቱም የጀመሩበት ደቂቃ አንድ ነው፤ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ቆይተው አብረው ተመለሱ። የወረደውም ከሦስቱ ሽቦዎች ያው መካከለኛው ነው። የኅዳር 6 እና የኅዳር 9ም እንዲሁ።

ሰርክአዲስ ሁለቱን ጉድጓዶች በጣቱ እየተከተለ አነጻጸረ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«የሰዓቱን ለውጥ እኔም ማወቅ ነበረብኝ» አለ። «አንድ ሽማግሌ ላሳስር ነበር።» ፖስታውን ከፍቶ ሪፖርቱን ከአራት ቀደደው። በዚያች ደቂቃ ወደድኩት፤ እንደ ወንድም ማለቴ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስቡ።

ከወረቀቱ ላይ አደጋው ከጣቢያችን ያለውን ርቀት አሰላን፤ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሄደን ስናይ ቦታው በአጨዳ ማግስት አገዳ የሚቃጠልበት የሰሊጥ ማሳ መሃል ነው። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት ስኒዎች አመድ ለብሰው ጠቁረዋል። አመዱ በንጋት ጤዛ ሲርስ ከረንት መንገድ ያገኝበታል፤ ፀሐይ ወጥታ ስታደርቀው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሆናል። በመካከለኛው ስኒ ላይ የመቃጠል ጠባሳ ነበረ። የመስመር ሠራተኞቹ ኃይሉን ዘግተው ስኒዎቹን ሲያጥቡ ቆመን አየን። ለዚህ ነው ሁሉም በጋሽ ስንሻው ተራ የሆነው። ጤዛ የሚወርደው ንጋት ላይ ነው፤ ንጋቱን ሁሉ ደግሞ እኛ ለእሳቸው ጥለንባቸዋል።

ስንመለስ ጋሽ ስንሻው ከጣቢያው ጀርባ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰርክአዲስ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም «አንተ ምን አጠፋህ፣ ሥራህን ነው የሠራህ» አሉት። እሱ ሲሄድ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ፓኔሉን ለምን ከፈቱት?»

«ካለፈ በኋላ ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ።»

«ጥቅምት ላይ በሳጥንሽ ስትፈትሺ ሽቦ ረስተሽበት የሄድሽ መስሎኝ ነው» አሉ። «መስመሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ፣ ሰው ሳያየው ነቅዬ ላውጣልሽ ብዬ ከፈትኩት። ሽቦ አላገኘሁም። እንግዲያው ቁጥር አሳስታ ሞልታ ይሆናል አልኩ። ቁጥሩን ደግሞ እኔ አላውቅበት።»

«ታዲያ ለሰርክአዲስ ይህን ለምን አልነገሩትም? ሊያስርዎት እኮ ነበር።»

«ምን ብዬ ልንገረው? እሷ ናት ልበለው? እኔ የቀረኝ ሰባት ወር ነው፣ ምስሬ። አንቺ የቀረሽ ሠላሳ ዓመት ነው።»

እኔ እሳቸውን ንጹሕ ናቸው ለማለት የሁለት አገር ወረቀት አስፈልጎኝ ነበር። እሳቸው እኔን ጥፋተኛ ናት ብለው እያሰቡ፣ አንዲት ወረቀት ሳይጠይቁ ከፊቴ ቆመውልኛል። ያለቀስኩትን ያህል የወላጅ አባቴ ለቅሶ ላይ አላለቀስኩም።

«እኔ እኮ እርስዎ ያደረጉት መስሎኝ ነበር» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ረቡዕ ጠዋት ደህና አደርሽ ብልሽ ዝም ብለሽኝ አለፍሽ። ያን ጊዜ አወቅሁ።»

«ታዲያ ሐሙስ ደህና አደርሽን ለምን ደገሙልኝ?»

«ሐሙስም አድረሻል አይደል?» አሉ።